እንቅርትና ጨው፤ ጥናት ወደ ሕግ የደረሰበት መንገድ



አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ መከራ በመከራ ላይ መደረቡን ይናገራሉ። ምሳሌው ግን የኑሮም ምስክር ነው፤ እንቅርት በደጋው አገር ለመተረቻ እስኪበቃ ድረስ የተለመደ ደዌ ነበርና።

የመንዝን፥ የግሼንና የመርሐ ቤቴን አምባና ገደል የተመለከተ ሰው፥ ዝናም ከዘመን ወደ ዘመን አፈሩን እያጠበ ወደ ሸለቆው እንዳወረደው ያስተውላል። ከአፈሩም ጋራ አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በተራቈተው መሬት ላይ የሚበቅለው ገብስ፥ ሣሩንም የሚግጠው በግ፥ አዮዲን ያንሳቸዋል። ጨውስ? ከአፋር ቈላ ተጭኖ በይፋት በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ የነበረው አሞሌ፥ ገንዘብም ማጣፈጫም ነበር፤ ዳሩ ግን አዮዲን እምብዛም የለበትም።

እንቅርት በአንገት ላይ ስለሚታይ ብዙ ሰው የመልክ ጕዳት ብቻ ያደርገዋል። ዋናው ጕዳት ግን የተሰወረ ነው። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካጣች የሕፃኑ አእምሮ በሚገባ አያድግም፤ ልጁም ትምህርት ቤት ገብቶ ወደ ኋላ ሲቀር «ሰነፍ» ተብሎ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ይሁን እንጂ አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ተራራማይቱ የስዊስ አገር ይህን ተረድታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922 በጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመረች።

በአገራችንም ከምፅዋና ከአሰብ ይመጣ በነበረው ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ድንበሩን ሲዘጋው ግን ገበያው ወደ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረ፤ ይህም ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር። እንግዲህ ማንም ሳይወስን፥ ማንም ሳይፈርም፥ የሕፃናቱ ጥበቃ ተቋረጠ።

ጕዳቱን የገለጠው ጥናት ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም ተመራማሪዎች በብዙ ክልሎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑትን ልጆች ቢመረምሩ፥ ከ100 ልጆች 40 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቍጥር 204 ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖርበት አዘዘ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤቶች በ15ቱ ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ግን ከ85 በሚበልጡት ተገኘ።

ሆኖም አዮዲን መኖሩና በበቂ መጠን መኖሩ አንድ አይደለም። በፋብሪካ መጠኑን የሚለካው፥ በመጋዘን ጆንያውን ከፀሐይና ከእርጥበት የሚጠብቀው፥ በቢሮ የምርመራውን ውጤት የሚያነበው ሠራተኛ ሥራውን ከቸል አለ፥ ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል። እናንተም በየቤታችሁ ጨዋችሁን በክዳን ዕቃ አኑሩ፤ ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩ። የመንዙ ሕፃን አእምሮ የሚጠበቀው በዚህ ሁሉ ትጋት ነው።