ጥለት አጣጣል፦ ከነጠላ ጫፍ እስከ ስልክ ሆድ

መገናኛ ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች በአንዱ ስልክ ሲፈታ፣ ከባትሪው ሥር እንደ ጥብጣብ የሚተጣጠፍ ስስ ነገር ብቅ ይላል። ጠጋኞቹ «ፍሌክስ» ይሉታል። ሲበጠስ አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ወደ መብራት ጠጋ አድርጎ ላየው ግን ከፀጉር እምብዛም የማይወፍሩ የመዳብ መስመሮች፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ ጎን ለጎን ተሰልፈውበታል።

መስመሮቹን በሚታጠፍ ፕላስቲክ ላይ የማስፈሩ ሥራ በእንግሊዝኛ «ፓተርኒንግ» ይባላል። በአማርኛስ? «ንድፍ ማውጣት» እንዳይባል፣ ንድፍ ገና ወረቀት ላይ ያለ ሐሳብ ነው። «ቅርጽ ማስያዝ»ም በጣም ሰፊ ነው፤ ሸክላም ብረትም ቅርጽ ይይዛል። ሸማኔ ግን ነጠላው ጫፍ ላይ ሲደርስ ክር ቆጥሮ፣ ባለቀለሙን ከሚፈለገው ቦታ ብቻ አስገብቶ ጥለት ይጥላል። እዚህም ጨርቁ ፕላስቲክ፣ ክሩ መዳብ ወይም ብር ሆነ እንጂ ሥራው ያው ነው። ስለዚህ «ጥለት አጣጣል» እንበለው።

አጣጣሉ ሁለት ዋና መንገድ አለው።

አንደኛው ማስበላት ነው። ፖሊኢማይድ በተባለ ሙቀት በሚችል ፕላስቲክ ላይ የመዳብ ቅጠል ይለጠፋል። በላዩ ብርሃን የሚለውጠው ሽፋን ይቀባና ጥለቱ የታተመበት ፊልም ተደርቦ ይበራበታል። ከታጠበ በኋላ ሽፋን ያልቀረለትን መዳብ ኬሚካል ይበላዋል። የስልክ ፍሌክስ ባብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው። መስመሩ ጥርት ይላል፤ ተበልቶ የሚሄደው መዳብ ግን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ማተም ነው፤ ይህን የቦሌና የገርጂ የቲሸርት አታሚዎች በእጃቸው ያውቁታል። በክፈፍ የተወጠረው መረብ ብርሃን የሚያደርቀው ሽፋን ይቀባል፣ ፊልም ተደርቦ ይበራበታል፣ በውኃ ይታጠባል። ቀዳዳው የተከፈተው ሥዕሉ ባለበት ብቻ ነው። ከዚያ ቀለሙ በጎማ መጥረጊያ አንዴ ሳብ ይደረጋል። በቀለሙ ፋንታ የብር ወይም የካርቦን ልቁጥ ቢገባ የሚወጣው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥለት ነው። የስኳር ሕመምተኞች ጣታቸውን ወግተው ደም የሚያስነኩት ቁራጭ በብዙዎቹ ዓይነቶች እንዲሁ የታተመ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በሌዘር ይቀረጻል።

ፕላስቲክ ላይ ሲታተም ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። የተለመደው የቲሸርት ቀለም 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጋገራል፤ ጥጥ ይችለዋል። የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ግን ከ70 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል። ስለዚህ አምራቾች ወይ በአነስተኛ ሙቀት የሚደርቅ ልቁጥ ይፈልጋሉ፣ ወይ ወደ ውዱ ፖሊኢማይድ ይሄዳሉ።

አራት ኪሎም ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ወንድማገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለፀሐይ ሴል በሚሆኑ ፖሊመሮች ላይ ሠርተዋል። እንዲህ ያሉ ፖሊመሮች በፈሳሽ ሟምተው እንደ ቀለም ሊቀቡ ስለሚችሉ፣ በሚታጠፍ ፕላስቲክ ላይ ለማተም ይመቻሉ።

ወደ ቃላቱ ስንመለስ፣ በእንግሊዝኛ «ማስክ» ለሚባለው፣ ብርሃኑን መርጦ ለሚያሳልፈው ፊልም «ጭንብል» ማለት አይጥምም፤ ፊት ላይ የሚጠለቀውን ያስታውሳል። ቲሸርት የምታትሙ ወይም ጥለት የምትጥሉ አንባብያን በሥራ ቦታችሁ የምትሉት ቃል ካለ ላኩልን።