የመጀመሪያዋ ጥሪ
(ስለ ብሪጅ ጨዋታ ታሪክ ጥቂት ቃል፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቁማርን ነው። ብሪጅ የተባለው ጨዋታ ግን ከዕድል ይልቅ በቃል ይመራል። አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ባልንጀራ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዱም 13 ካርታ ይደርሰዋል። አስቀድሞ ጨረታ አለ፤ ይኸውም ስንት ዙር እንደሚበላ ቃል የሚገባበት ነው። ባልንጀራ የባልንጀራውን እጅ አያይም። በዐይን መጣቀስም ክልክል ነው። እንግዲህ ስለ እጁ የሚናገረው በጥሪው ብቻ ነው።

ጨዋታውን የዛሬ መልኩን ያስያዘው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1925 በፓናማ ቦይ በኩል በመርከብ ሲጓዝ አዲስ የነጥብ አቆጣጠር አወጣ። ቀድሞ ዝቅ አድርጎ ጠርቶ ብዙ ዙር የበላ ሰው ትርፉም ለማሸነፊያው ይቆጠርለት ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ለማሸነፊያው የሚቆጠረው ቃል የተገባው ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥሪን መምረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ።

ይህን ጥበብ ለሕዝብ ያስተማረው ኢላይ ኩልበርትሰን ነው። በ1891 በሩማንያ ተወለደ፤ የቤተሰቡ ሀብት በ1917 በሩሲያ አብዮት ጠፋ። በፓሪስና በሌሎች ከተሞች በካርታ ሲተዳደር ቆይቶ በ1921 አሜሪካ ገባ። በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ ጨረታ ለመክፈት ሁለት ተኩል ያህል የተረጋገጠ ዙር በእጅ መኖር አለበት አለ። አስ አንድ ነው፤ የአንድ ዓይነት አስና ንጉሥ ሁለት ናቸው። ዘዴውን የነቀፉትን ከ1931 እስከ 1932 ኒው ዮርክ ላይ ገጥሞ አሸነፈ።

በ1949 ቻርልስ ጎረን የተባለ የሕግ ሰው ቀለል ያለውን ስሌት አስፋፋ፦ አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1። ድምሩ 40 ስለሆነ የአንድ ሰው አማካይ ድርሻ 10 ነው። ጎረን 13 ያለው ሊከፍት ይችላል፣ 14 ያለው መክፈት አለበት አለ። ከዚያ በታች ያለው ያልፋል፤ ማለፍም ለባልንጀራ መልእክት ነው።

እኛን ከሁሉ የሚደንቀን ሌላው ሕግ ነው። ባልንጀሮች የጥሪያቸውን ትርጉም ለተቃራኒዎቻቸው መግለጽ አለባቸው፤ የምስጢር ስምምነት ማጭበርበር ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በ9 ነጥብ 14 አስመስሎ የከፈተ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስተው ያመነውን ባልንጀራውን ነው። ባልንጀራውም በዚያ ቃል ላይ ተመሥርቶ ጥሪውን ከፍ ያደርጋል፤ ኪሳራውንም ሁለቱም ይከፍሉታል። ቃልን በያዙት ልክ መስጠት ከጨዋታም ውጭ የሚያገለግል ትምህርት ይመስለናል።