ወርቃማው ቢራ በጁባ

ጥሩ የቼክ ላገር መልኩ ወርቃማ፣ አረፋው ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በጠላ ለደግን ለእኛ የጌሾን ቦታ የያዘው የሆፕስ ምሬትም ከብቅሉ ልስላሴ ጋር ይመዛዘናል። ይህን ዓይነት ቢራ እ.ኤ.አ. በ1842 በፒልሰን ከተማ የጠመቀው ዮሴፍ ግሮል ነው።

ወደ ጁባ የመጣበት መንገድ ግን ረጅም ነበር። በ1983 የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓን ሕግ ሲያውጅ በሱዳን መጠጥ ታገደ። የ2005ቱ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ፣ በ2009 በጁባ ፋብሪካ ተከፍቶ «ዋይት ቡል» ማለትም «ነጭ ኮርማ» የተሰኘው ላገር ተጠመቀ። ሆኖም ጥሬ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ ይገዛ ነበርና፣ ጦርነቱና የነዳጅ ዋጋ መውደቅ ምንዛሪውን ሲያደርቁት በ2016 ጠመቃው ቆመ።

እንግዲህ ቢራን ስንመዝን አረፋውንና ምሬቱን ብቻ ሳይሆን፣ ብቅሉን ከጋኑ ያደረሰለትን ሰላም ጭምር መመዘን ይገባናል።