የአጥቢያው ክዳን፦ በፎገራ ሜዳ የጋራ ሕንጻ እንዴት ይጠበቅ እንደ ነበረ

ሰው ለራሱ በሠራው ቤት ጣራው ያፈሰሰ እንደ ሆነ ሣሩን የሚያመጣው፣ መሰላሉን የሚወጣው፣ ወጪውንም የሚችለው እርሱው ራሱ ነውና ነገሩ ክርክር አያስነሣም። ብዙዎች በአንድነት በሚገለገሉበት ሕንጻ ግን፣ ማን እንጨት ያምጣ፣ ማን ጭቃ ያቡካ፣ የተበላሸውን ጠግኖ ማደር ይሻላል ወይስ አፍርሶ አዲስ መሥራት የሚለው ጥያቄ ከሕንጻው ጋር አብሮ የሚኖር ነው። ዛሬ በየከተማው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደረጃና በጣራ፣ በውኃ ቧንቧና በመብራት ምክንያት ይህንኑ ጥያቄ ሲከራከሩበት በሰማሁ ቁጥር፣ አበው ለዚህ ነገር የሠሩት ሥርዓት በገጠሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ተጠብቆ የኖረ መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ ስለዚህም ወደ ፎገራ ሜዳ፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል አገር፣ አንባቢን ይዤ ልሄድ ወደድሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ በሚገነጠልበት ስፍራ የወረታ ከተማ አለች፤ ከእርሷ ወደ ጣና ባሕር የሚዘረጋው ለጥ ያለ ምድር የፎገራ ሜዳ ነው። ቁሐር ሚካኤልም በዚሁ አገር ቀበሌው በመልአኩ ስም የሚጠራበት የሩዝ ገበሬዎች መኖሪያ ነው። የአገሩ አፈር ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በዚህም ምክንያት መሠረት ያነቃንቃል፣ ግድግዳ ያዘምማል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከደጋው ወርደው ሜዳውን የሚያጥለቀልቁበት ዓመትም አለ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ያፈናቀለ ጎርፍ ገና አልተረሳም። እንዲህ ባለ ምድር ላይ የቆመ ሕንጻ በየዓመቱ የሚጠግነው እጅ ካላገኘ ዕድሜው አጭር ነው።

የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን እንደ አገሩ ልማድ ክብ ሆኖ፣ መቅደሱ በመካከል፣ ቅድስቱ በዙሪያው፣ ቅኔ ማኅሌቱም በውጭ በኩል የሚሠራ ነው። ግድግዳው ከእንጨትና ጭድ ከተቀላቀለበት ጭቃ ወይም ከድንጋይ ይቆማል፤ የመቅደሱን ግድግዳ የሚያስጌጠው ሥዕል ብዙውን ጊዜ በሸማ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። እዚህ ላይ የክዳን ነገር ከፍ ያለ ጉዳይ ይሆናል፤ ሣሩ በአንድ ወገን ከሳሳ ዝናቡ በወራጁ ተንጠባጥቦ ሸማውን ከግድግዳው ያላቅቀዋል፣ ሻጋታውም የቅዱሳኑን መልክ ይበላዋል። ስለዚህ ገበዝ የተባለው ሹም፣ የንዋየ ቅድሳቱና የሕንጻው ጠባቂ የሆነው ካህን፣ ክረምቱ ሲገባ ዐይኑ ከጣራው አይነሣም ነበር።

የጥንቱ ሥርዓት በመሬት ላይ የተመሠረተ ነበረ። ነገሥታቱና መኳንንቱ ለደብሩ የሚሰጡት ርስትና ጉልት በወንጌሉ ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ ነበር፤ ከዚህ መሬት የሚበላ ሰው፣ ካህን ቢሆን በሰሞኑ ይቀድሳል፣ ካህን ባይሆን በምትኩ የሚቀድስ ካህን ያቆማል። ዕጣኑም፣ ዘቢቡም፣ ጧፉም ከዚያው ይወጣ ነበር። የሕንጻው ጉልበት ግን ከመሬተኛው ብቻ አልተፈለገም፤ በአጥቢያው የሚቀደስለት፣ ልጁ ክርስትና የሚነሣበት፣ ሬሳው በዐፀዱ የሚያርፍበት ሁሉ ዕዳ ነበረበት። እኔ ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ይህንን ነው፤ ዕዳው ሰው በሕንጻው ከሚያገኘው ጥቅም ጋር የተያያዘ ነበረና፣ በመሬቱ ስፋትም ሆነ በሀብቱ መጠን አልተወሰነም።

የክዳኑ ሥራ የሚጀመረው ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ከደረቀ፣ እህሉም ከተሰበሰበ በኋላ ነበር። ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሲከበር ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ይገናኛልና፣ ነገሩን በዐውደ ምሕረቱ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ገበዙ ቤቱ እንደሚያፈስ ያስታውቃል፣ ካህናቱም ቀን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሸክም ሣር፣ ከየሰፈሩ ወራጅና ማገር ይደለደላል። ሥራው ከፍ ያለ እንደ ሆነ ታቦቱ በመቃኞ፣ በጊዜያዊው ቤት፣ ያርፋል፤ ጉልላቱም በጸሎት ይወርዳል። ከዚያ ጎበዛዝቱ የበሰበሰውን ሣር ይገፍፋሉ፣ የሚያውቁት ከዳኞች ከአፋፉ ጀምረው እየዞሩ ወደ ጉልላቱ ይወጣሉ፤ ከታች ያለው ሰው ነዶውን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ከላይ ያለውም ሳይጥል ይቀበላል፤ አንዱ ነዶ በሌላው ላይ ተደራርቦ በጠፍር ወይም በሐረግ ይታሰራል። ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጠላና እንጀራ ያቀርባሉ። ሳያስታውቅ የቀረውን ሰው በቀላሉ አያልፉትም፤ ካህኑ የመገዘት ሥልጣን ነበረውና ዕዳውን ከጎረቤቱ ይልቅ ሃይማኖቱ ይጠይቀው ነበር።

እንጨቱም ቢሆን ከዚያው ከዐፀዱ ይገኝ ነበር። በደቡብ ጎንደር ከየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የሚታዩት ደኖች፣ ጽዱና ወይራው፣ ዋንዛውም ጭምር፣ የቀሩት ማንም ለራሱ ቤት እንዳይቆርጣቸው የተከለከለ ስለ ሆነ ነው፤ ለሕንጻው ጥገና ግን በካህናቱ ፈቃድ ይቆረጣል። ስለዚህ ደኑ ለጥገናው የተቀመጠ ተቀማጭ ሀብት ነበር ለማለት እደፍራለሁ። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ሕዝቡ የሣሩን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ ከዚያ በስምምነት እየከፈተ ለክዳን የሚሆነውን ያጭድ ነበርና፣ የጋራ ቤትን ለመጠበቅ የጋራ ሣርን አስቀድሞ መጠበቅ አበው የገባቸው ነገር መሆኑን እርሱም ይመሰክራል። የጋራ ቤትን በኅብረት መጠገን በእኛ ዘንድ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሩቁ ዓለም፣ በማሊ አገር፣ የጄኔ ከተማ ሕዝብ በጭቃ የተሠራውን ታላቁን መስጊድ በየዓመቱ በአንድ ቀን ተሰብስቦ እንደገና ይመርገዋል፤ ያም ሥራ በዓል ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ጥገናና ማሻሻል በአበው ዘንድ እኩል አልነበሩም። ያለውን ከመፍረስ ማዳን የሁሉ ዕዳ ነው፣ ማንም «አልተጠየቅሁም» ብሎ ሊቀር አይችልም። አዲስ ነገር መጨመር ግን፣ ሥዕል ማሣል፣ ደወል ማምጣት፣ ጉልላት መቀየር፣ ይህ በስለትና በፈቃድ የሚመጣ ነው፤ አቅም ያለው ይሰጣል፣ አቅም የሌለው በደል የለበትም። ፍትሐ ነገሥትም በመጀመሪያው አንቀጹ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሲናገር፣ ያለ ጳጳሱ ፈቃድ ቤተ ክርስቲያን እንዳይታነጽ ይከለክላል፤ ከዚህ ሐሳብ የሚገኘው ነገር፣ የሚታነጸው መልካም ቢሆን እንኳ ማን እንደ ፈቀደ መታወቅ ያለበት መሆኑ ነው። እኔም ድሃውን ከሀብታሙ ጋር በአንድ አጥቢያ ያኖረው ይህ ልዩነት ይመስለኛል፤ ሀብታሙ በስለቱ ጣራውን ቢያስጌጥ ድሃውን ዕዳ ውስጥ አያስገባውም ነበርና።

ይህ ሥርዓት በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተነካ። በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ፣ በየአጥቢያው ከካህናት፣ ከምእመናንና ከወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የደብሩ መሬት ከደብሩ ተለየ፣ በወንጌሉ ጠርዝ የተጻፈውም ሁሉ ለታሪክ ካልሆነ በቀር ዋጋ አጣ። ከዚያ ወዲህ ገበዙ ብቻውን የሚሸከመው ነገር በጉባኤው ጫንቃ ላይ ወደቀ፤ ገቢውም የምእመናን መዋጮ፣ ስለትና የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ ሆነ። ይህን ለውጥ ክፉ ነው አልልም፤ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሓፊና ተቆጣጣሪ ያለበት ጉባኤ፣ አንድ ሰው ብቻ ከሚይዘው ቁልፍ ይሻላል። ነገር ግን በጉልበት የሚከፈለው ዕዳ ሲዳከም በገንዘብ የሚከፈለው ተተካ፤ ሣር ማጨድ የሚችል ድሃ ገንዘብ ማዋጣት ላይችል ይችላል፤ ይህ ያመጣው ችግር ገና አላበቃም።

የክዳኑም ነገር በሌላ በኩል ተለወጠ። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ በኋላ ሜዳውን ሁሉ ወረሰ፤ ውኃ የሚተኛበት የሣር መሬት፣ የፎገራ ከብት ይግጥበት የነበረው ምድር፣ እየታረሰ ሄደ። ሣሩ ሲጠፋ የክዳን ሣርም አብሮ ተወደደ፤ ሩዙ ያመጣው ገንዘብ ግን ቆርቆሮ መግዣ ሆነ። ስለዚህ ቆርቆሮው የሣሩን ቦታ የያዘው ሰዎች ባህላቸውን ስለ ናቁ ብቻ አይደለም። ቆርቆሮ አያፈስም፣ እሳት አይፈራም፣ በየጥቂት ዓመቱ መገፈፍ አይፈልግም፤ ሆኖም ዝገት ሲጀምረው ከዳኝ በአጥቢያው አይገኝም፣ ጉዳዩ በእጅ ሥራ ሳይሆን በግዢ ብቻ ይጠናቀቃል።

መጀመሪያ ወዳነሣሁት ወደ ከተማው የጋራ ሕንጻ ስመለስ፣ ሕጉ ብዙውን ጊዜ ከነዋሪው ቀድሞ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፎቅ ቤት ክፍሎች ለተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጋራ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። ይህ አዋጅ የእያንዳንዱን ክፍልና ሁሉም የሚጠቀምባቸውን ጣራ፣ ደረጃና መተላለፊያ ለያይቶ፣ የጋራውን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ያዝዛል። ሕጉ በጎ ነው፤ ማኅበሩ ግን ብዙ ቦታ ላይ ከአባላቱ መዋጮ መሰብሰብ ይቸግረዋል፤ ደረጃውን የሚወጣው ሁሉ ደረጃውን የእኔ ብሎ የሚጠግነው ቀን ገና አልደረሰም። የአጥቢያው ሰው ዕዳውን ያወቀው ሕግ ስላነበበ ሳይሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሣር ሲሸከም አባቱን ስላየ ነበር።

አሁን በገጠሩ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ ሲገኝ ጥገናው ተትቶ አሮጌውን ክብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሰፊ አድርጎ መሥራት በብዙ አጥቢያ ልማድ ሆኗል። የምእመናኑ መብዛት እውነት ነው፤ ነገር ግን አሮጌው ሲፈርስ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል፣ የከዳኞቹ ጥበብ፣ የእንጨቱም አሠራር አብሮ ይፈርሳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስነት የታወቀ ሕንጻ ሲጠገን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል፤ መሥሪያ ቤቱ ካለበት ርቀት አንጻር ግን ጉባኤው ራሱ ካልተጠነቀቀ በቀር ማንም አይደርስለትም። አዲሱ ጎን ለጎን ቆሞ አሮጌው ለዕቃ ቤትነት ወይም ለትምህርት እንዲውል ማድረግ ይቻላል። ይህም ቢቀር ከመፍረሱ በፊት የሕንጻው ልክ ይለካ፣ ሥዕሉ በፎቶግራፍ ይነሣ፣ እነማን በየትኛው ዓመት እንደ ከደኑትና ማን በስለት ምን እንደ ሰጠ፣ አባቶች በወንጌሉ ጠርዝ ላይ ርስቱን እንደ ጻፉት ሁሉ፣ ከሽማግሌዎቹ እየተጠየቀ ይጻፍ። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ለጉባኤው አንድ መዝገብና አንድ ጸሓፊ ይበቃዋል፣ ከሚመጣው ኅዳር በፊትም ሊጀመር ይችላል።