በቋጥኙ ላይ የቆመው ጥላ

ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ የሚያስቸኩለን ነገርም የለም። ከወልድያ ተነሥተን ዳገቱን እንያያዘዋለን፤ ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ፊት ይገርፋል፣ ጋቢያችንንም አጥብቀን እንከናነባለን፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፈን የላስታን ሸንተረር ስንወጣ ስንወርድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንጓዛለን፤ ከዚያም አቡነ ዮሴፍ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ብቅ ሲል፣ ያን ጊዜ ሮሃ ደረስን እንላለን። ዛሬ ሰዉ ላሊበላ ይላታል። ከቤተ መድኃኔዓለም ደጅ ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ቋጥኙ እግራችንን ያቀዘቅዘዋል፤ ቀና ስንል ግን ሰማዩ የለም። ትልቅ ነጭ ጥላ በብረት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ከልሎታል። የዛሬ ነገሬ የዚህ ጥላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን የቋጥኙን ልንገራችሁ። ከቋጥኝ የተፈለፈሉት 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሌላ ቤት ከመሠረት ወደ ላይ አልወጡም፤ ከጣሪያ ወደ መሠረት ወረዱ እንጂ። ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ያኖራል፤ ቋጥኝ የሚፈለፍል ግን አንዴ የፈለጠውን መልሶ አይተክለውም። እናም እኔ ሳስበው፣ መሮው ከማረፉ በፊት ከላይ የቆመው «ቆይ፣ በዚህ በኩል ስንጥቅ አለ» ማለት ነበረበት፤ የሚመታውም እጁን ገትቶ መስማት ነበረበት። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ያሉት አባቶቻችን፣ መካሩ መዶሻ የያዘ ሰው ሊሆን እንደሚችልም ያውቁ ነበር እላለሁ።

ከዚያም ዘመን አለፈ፣ ክረምትም በክረምት ላይ ተደራረበ፣ ውኃውም በስንጥቁ ይገባ ጀመር። በፈረንጆች 1954 ለጥገና የመጡ ሰዎች ውኃ እንዳይገባ ብለው በአንዳንዶቹ ላይ ሬንጅ ቀቡ፣ በላዩም ቀይ ቀለም ደረቡ። በቅን ልብ ነው ያደረጉት። ዳሩ ግን ሬንጁ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያዘው፤ ድንጋዩ መተንፈስ አቃተው። በፈረንጆች ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራ ቡድን መጣና ያንን ሬንጅ ይልጠው ገባ። አስቡት፤ አንዱ ቡድን የቀባውን ሌላው ከ13 ዓመት በኋላ እየፋቀ ሲያወርድ! ድንጋዩ አስተያየቱን ሰጥቶ ነበር፤ የሚያነብለት ዘገየ እንጂ።

አሁን ወደ ጥላው እንመለስ። በፊት በቆርቆሮ የተሠራ ጥላ ነበረ፤ እሱም ለጊዜው ተብሎ ነው። ከዚያም በዓለም አቀፍ ውድድር የተመረጠ ንድፍ መጣ፣ የአውሮፓ ኅብረትም ገንዘቡን ሰጠ፣ በፈረንጆች 2008 ገደማ አራቱ ታላላቅ ጥላዎች ቆሙ። እነሱም ለጊዜው ተብለው ነው። መሐንዲሱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሄደ፣ ፕሮጀክቱም ተዘጋ፤ ከጥላው ሥር የቀሩት ካህኑ፣ ዲያቆኑና ለኪዳን የሚመጣው ምእመን ናቸው። ዝናቡ እውነትም አልገባም። ነገር ግን ንፋስ በተነሣ ቁጥር ሰዉ ቀና ይላል፤ ይህ ሁሉ ብረት ቋጥኙን ቢከብደውስ፣ ቢወድቅስ እያለ ይሰጋል። ባለሙያዎችም ድንጋዩ ከለመደው እርጥበት ተለይቶ ከልክ በላይ ሲደርቅ ስንጥቁ ሊሰፋ እንደሚችል አመለከቱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስጋት ከተራ ሰው አፍ ሲወጣ ቅሬታ ይባላል፣ በመሣሪያ ሲለካ ደግሞ መረጃ ይባላል። እኔ ግን በዚያ ግቢ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ የተመላለሰ ቄስ ራሱ መለኪያ ነው እላለሁ። በዕድራችን እንኳ ዳኛው አዲስ ነገር ከመክፈቱ በፊት «ባለፈው የተባለው ምን ደረሰ?» ይላል፤ ጸሐፊውም መዝገቡን ገልጦ መልስ ይሰጣል፤ ካልተፈጸመም ለምን እንዳልተፈጸመ ይነገራል። ብዙ ፕሮጀክት ይህች ጥያቄ ትጎድለዋለች። ስብሰባ ይጠራል፣ ሰው ይናገራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ከዚያ የተናገረው ሰው ቃሉ የት እንደደረሰ ሳያውቅ ይቀራል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ዝም ቢል ይፈረድበታል? «ለጊዜው» የተባለ ነገርም ጊዜው የሚቆጠርበት ቀንና የሚጠይቅ ሰው ካልተሰየመለት እንዲሁ ይኖራል።

በላሊበላ ግን ሰዉ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ ጥላዎቹ ይነሡልን አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን መጡና አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ጥላዎቹ ከዚያም በኋላ ቆመው ቆይተዋል፤ ከባድ ብረት ከቋጥኝ አናት ላይ ማንሣት ከማቆሙ የማይተናነስ ጥበብ ይፈልጋልና። እኔን ያጽናናኝ ሌላ ነው፤ ቅርስ የሚጠብቀው ድርጅት ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በፈረንጆች 2016 የጨረሰው የቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና ሲካሄድ የአገሩ ልጆች ሠልጥነው አብረው ሠሩ። እነሱ ሥራው ሲያልቅ አገር ለቀው አይሄዱም፤ ደግሞ ሲንጠባጠብ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ እንሻገር፣ እሱ ጥላ የለውም። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ጉዝጓዙ ይሸታል፣ ከአናቱ የወረደው ውኃ ገና ይንጠባጠባል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አኖሩ፣ አቆዩት፣ ከዚያም አንሥተው እጃቸውን አዩት፤ ዞር ብለውም በደረጃው የቆመውን ዲያቆን ጠሩት። «ና ልጄ፣ እስቲ አንተም ዳስሰው።»