የአቴንስ ተባባሪዎችና የጦር መዋጮአቸው

ጠላትን በአንድነት ለመከላከል ቃል ኪዳን የገቡ አገሮች ወጪውን ማን ምን ያህል ይክፈል እያሉ መከራከራቸው የዛሬ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ478 ዓመት የግሪክ ከተሞች በፋርስ ላይ በአቴንስ መሪነት ሲተባበሩ፥ ጻድቅ የተባለው አሪስቲዴስ ግብሩን ደለደለ። መርከብ የማያሰልፉት የሚከፍሉት በጠቅላላው 460 መክሊት ሲሆን፥ ገንዘቡ በዴሎስ ደሴት ይቀመጥ ነበር።

ዳሩ ግን ብዙዎቹ ከቤታቸው ርቀው መዝመት ስለ ሰለቻቸው በመርከብ ፈንታ ገንዘብ መስጠትን መረጡ። ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲድስ እንደሚነግረን፥ የአቴንስ መርከብ በእነርሱ ገንዘብ ሲበዛ፥ እነርሱ ከማኅበሩ እንውጣ ባሉ ጊዜ የሚዋጉበት መሣሪያም ልምድም አጡ። ናክሶስ ይህን መከራ አስቀድማ ቀመሰችው።

በ454 ግምጃ ቤቱ በአቴንስ ነበር። በ447 የፓርቴኖን ቤተ መቅደስ መሠራት ሲጀምር ግን፥ ለጦር የተዋጣው ብር ለእብነ በረድና ለወርቅ ዋለ የሚል ወቀሳ በሸንጎ ተነሣ። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው ፔሪክልስ የመለሰው፥ ተባባሪዎቹ ፈረስም መርከብም ወታደርም ስለማይሰጡ፥ የከፈሉበትን ጥበቃ እስካገኙ ድረስ ሒሳብ ሊጠይቁ አይገባም ሲል ነው። ይህ መልስ ለእኛ ብልሃት እንጂ ፍትሕ አይመስለንም፤ ከፋዮቹ በዚያ ሸንጎ ድምፅ አልነበራቸውምና። የተቃዋሚዎቹ መሪ፥ (እርሱም ቱኪዲድስ ይባላል፤ ከታሪክ ጸሐፊው ጋር አይምታታ) በሕዝብ ድምፅ ከከተማው ተሰደደ፤ ሥራው በ432 ተፈጸመ። በ431 ከስፓርታ ጋር ጦርነት ሲነሣ፥ ከተባባሪዎቹ በያመቱ የሚገባው 600 መክሊት ያህል መሆኑን ፔሪክልስ ለሕዝቡ አስታወሰ።