አንቴና በጎረቤቶቹ መካከል፦ የዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ፍተሻ

በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በዋጃሪ ያማጂ ሕዝብ ምድር በመርቺሰን፣ ኤስኬኤ-ሎው የተባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ እየተገነባ ነው። ከ50 እስከ 350 ሜጋኸርትዝ የሚቀበለው ይህ መሣሪያ ሲጠናቀቅ በ512 ጣቢያዎች የተመደቡ 131,072 አንቴናዎች ይኖሩታል፤ ለአንድ ጣቢያ 256 ይደርሰዋል። ከግንባታው በፊት በሙከራ ጣቢያዎች ላይ የተደረገው ፍተሻ፣ በእኔ እምነት፣ ከቴሌስኮፑ ባልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል። አንድን አንቴና ለብቻው ለክቶ ስለ ጣቢያው መናገር እንደማይቻል በተግባር ያሳየው እሱ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ከሞገዱ ርዝመት ነው። በ50 ሜጋኸርትዝ አንድ ሞገድ 6 ሜትር ይረዝማል፤ አጎራባች አንቴናዎች ግን የሚራራቁት 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዱ የተቀበለውን ኃይል በከፊል መልሶ ይረጫል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ስለዚህ መሐል የቆመውና ዳር የቆመው አንቴና፣ አሠራራቸው አንድ ቢሆንም፣ ሰማዩን እኩል አያዩትም። አንቴናዎቹ ረድፍ ሳይጠብቁ የተተከሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የእያንዳንዱ መዛባት የተለያየ ሲሆን በድምሩ ውስጥ ይለዝባል።

ይህን ጠባይ በቤተ ሙከራ መለካት አይቻልም። 38 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ጣቢያ አስገብቶ የ6 ሜትር ሞገድ በግድግዳው የሚውጥ ክፍል የለም። የጣልያን ተመራማሪዎች ለዚህ ያዳበሩት ዘዴ ድሮን ነው፤ ድሮኑ አነስተኛ ማሰራጫ ተሸክሞ በአንቴናዎቹ ላይ ይበራል፣ ቦታውም በትክክል ይመዘገባል። ገደብ ግን አለው። በ150 ሜጋኸርትዝ ጣቢያውን እንደ አንድ አካል ለመለካት ማሰራጫው 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ይኖርበታል፤ ድሮኖች በተለምዶ የሚፈቀድላቸው ከፍታ ደግሞ 120 ሜትር አካባቢ ነው። በመሆኑም እያንዳንዱ አንቴና ጎረቤቶቹ እንደከበቡት ይለካና የጣቢያው ምላሽ በስሌት ይገነባል።

ሁለተኛው መፈተሻ ራሱ ሰማዩ ነው። በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች የፍኖተ ሐሊብ ጨረር እጅግ ብርቱ በመሆኑ፣ በ50 ሜጋኸርትዝ የሰማዩ ሙቀት በሺዎች ኬልቪን ይቆጠራል። በመርቺሰን የጋላክሲያችን ማዕከል ከአናት በላይ ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ በቀን አንዴ ከፍ ብሎ የሚወርደውን ኃይል ከስሌቱ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ፀሐይም በቀን የአንቴናዎቹን መዘግየት ለማስተካከል ታገለግላለች።

በጣም አስተማሪ ሆኖ ያገኘሁት ግን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ሁለት የተለያዩ የሙከራ ጣቢያዎች በአንድ ሥፍራ መተከላቸው ነው። ኤኤቪኤስ2 ለኤስኬኤ የተነደፉትን ቁመታቸው 2 ሜትር ገደማ የሆኑ አንቴናዎች ያዘ፤ ኢዲኤ2 በመርቺሰን ቀደም ሲል ይሠራ ከነበረው ቴሌስኮፕ የተወሰዱ አጫጭርና ቀለል ያሉ ዳይፖሎችን። የዲጂታል መቀበያቸው ተመሳሳይ ስለነበር፣ በውጤታቸው መካከል የታየ ልዩነት በዋነኛነት ወደ አንቴናዎቹ ያመለክታል። ደካማ ምልክት የመለየት አቅማቸው የተለካውም በብልሃት ነው፤ በተቀራራቢ ሰዓት የተነሱ ሁለት የሰማይ ምስሎች ሲቀናነሱ ሰማዩ ይጠፋና የመሣሪያው ጩኸት ብቻ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለምክንያት አይደለም። ቴሌስኮፑ የሚፈልገው፣ ከመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ዘመን የመጣው የሃይድሮጅን ምልክት ከፊቱ ከተጋረደው የጋላክሲ ጨረር በአሥር ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይደክማል። በፈረንጆች 2018 እዚያው መርቺሰን የነበረው የኤጅስ ሙከራ በ78 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ምልክቱን እንዳገኘ አሳወቀ። ከአንቴናው ሥር የተዘረጋው የብረት ወለል የፈጠረው ሊሆን ይችላል ያሉ ተመራማሪዎች ግን ነበሩ፤ አንቴናውን በሕንድ ሐይቅ ላይ ያንሳፈፈው ሳራስ 3 የተባለ ሙከራ ደግሞ በ2022 ባወጣው ውጤት ግኝቱን አላረጋገጠም።

እንግዲህ ፍተሻው በሙከራ ጣቢያዎች ሊዘጋ አይገባም። በሥራ ላይ ባለ ጣቢያ አንድ አንቴና ሲበላሽ የጎረቤቶቹም ምላሽ አብሮ ይለወጣል፤ ኤስኬኤ-ሎው በመጋቢት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያ ምስሉን ሲያወጣ በ4 ጣቢያዎች 1,024 አንቴናዎች ብቻ ነበሩት። ቁጥሩ ከመቶ እጥፍ በላይ ሲያድግ የየአንቴናው የልኬት መዝገብ ከሳይንሳዊው ውጤት ጋር አብሮ ለተመራማሪዎች ክፍት መሆን ይኖርበታል።